«ት»

ደሴን «ት» ብትጨምርበት፣ ደሴት ይሆናል ስሟ፤
እሷ ግን ደጋ ላይ ናት፣ ከጦሳ ሥር ነው አቋሟ።
ፊደሏን የወሰድነው እኛ ነን፣ የታች ጎረቤት፣
ሐምሌ በገባ ቁጥር የምንሆን ደሴት።

ከኮምቦልቻ በታች፣ ቦርከና ሲታጠፍ፣
አርባ ሦስት ጎጆ፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ዛፍ።
በበጋ ጫማ አውልቀህ የምትሻገረው ወንዝ
ክረምት ላይ በሬ ይዞ፣ ግንድ ይዞ ሲጓዝ፣
ለእግር ውኃ ነው፣ ለመቅዘፊያ ጭቃ፤
ታንኳ ያስገባ ሰው፣ ደንገል ያዘው፣ በቃ።

እኔ የቅሬው ጸሐፊ ነኝ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው።
ገጽ አሥራ አንድ ላይ የአንድ ሌሊት ሒሳብ አለው።
ሉባባ ምጥ ይዟት፣ ቃሬዛ ላይ አስተኛናት፤
ከዒሻ እስከ ሱብሒ ወንዝ ዳር ቆመን ያዝናት።
በረዶ ጥሎ ነበር፣ ጎርፉ ላይ ነጭ ነጭ ይላል፤
ማዶ የአምቡላንሱ መብራት ይዞራል፣ ይዞራል፤
ቀይ። ከዚያ ጨለማ። ደግሞ ቀይ።
ባሏ ይመር፣ ጆሮዋ ላይ፣ «ትንሽ ነው፣ እባክሽ ቆዪ።»

ደብተሩ ላይ የጻፍሁት አጭር ነው፦
«ለከፈን። ትልቅ አንድ፣ ትንሽ አንድ። ወጪ።»

ወሬውን ያመጣው በያጁ ጅብሪል ነው፣
ከፋብሪካው ጀርባ ሱቁን የከፈተው፦
«ከታች ስለት የላት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣
ከኋላዋ ማራገቢያ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለው፤
ጭቃም ይሁን ደንገል፣ ላዩን ትንሸራተታለች፤
እንኳን ውኃ፣ ጤዛ ካገኘች ትሄዳለች።»
ሳቅን። አያ እንድሪስ፣ «ማራገቢያ እኔ የማውቀው
እሳት ሲያነድ ነው፤ ወንዝ ሲያሻግር መቼ ነው?»
ይመር ግን አልሳቀም። ለሰኞ ገበያ ጊደሩን ነድቶ
ባቲ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን ገባ፣ ገመዷን ብቻ አንግቶ።

ከዚያ ደብተሬ ሞላ። ዘምዘም የእንቁላል፣ የማዶው መሪጌታ የማር፣
ተማሪዎቹ ሳይቀሩ አምስት አምስት ብር፤
ሞተሩ ከሐጂ ሙሄ የቆመ ወፍጮ ነው፣
እስካሁን ሲነሣ ዱቄት ዱቄት የሚሸተው።

ሰኔ ላይ በከባድ መኪና፣ ቀይ ቀለም ተቀብታ መጣች፤
አፍንጫዋ ላይ «አብሽር» ይላል፣ «ሽ»ዋ የተጣመመች።
መጀመሪያ የተነሣች ቀን ዶሮ ሁሉ በረረ፣
የአያ እንድሪስ ጥምጣም ሄዶ ግራር ላይ አደረ።

ሹፌሩ ይመር ነው። ማንም አልሾመው፣ ማንም አልከለከለው።
ያሻገረውን እጽፋለሁ፦ ወባ የያዘው ልጅ፣ እባብ የነደፈው፣
ለፈተና የዘገዩ ሰባት፤ አያ እንድሪስም፣ ጥርሱን ያመመው፣
ሁለት እጁን ጥምጣሙ ላይ ጭኖ የተቀመጠው።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት አስያ ናት። ምጥ።
በረዶ ይጥላል። ከማዶ ቀዩ መብራት።
ደረስን። አዋላጇ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት።
ይመር ሞተሩን አጠፋ። በባትሪ የእጅ ሰዓቱን አየ፣
እንደ ሁልጊዜው፣ ለማንም ሳይሆን፣
«አምስት ደቂቃ» አለ።

ይህን የምጽፍበት ዓምድ ደብተሩ ላይ የለም።
ገቢ አይደለም።
ወጪም አይደለም።