የቲንዳሮ ልደት

ፓሌርሞ፣ የልጆች ችሎት፣ በማክሰኞ ጠዋት፣
ቲንዳሮ ቀርቧል፣ ተውጦ በወንድሙ ኮት።
«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ እንዳስጠኑት፣
የችሎት ጸሐፊ ነኝ፣ ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት።
ባዶ ሽጉጥ አቀረቡለት፦ «ቃታው የቱ ጋ ነው?»
ጣቱ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ ሄዶ አፈሙዙን ያዘው።

ከኋላ ካሎጀሮ፣ ወንድምየው፣ ማስቲካ ያላምጣል፤
አሥራ አራት ያልሞላው እንደማይከሰስ ያውቃል።

ዳኛ ለተሪያ የልደት ወረቀቱን ገልጠው፣
«በስንት ሰዓት ተኮስህ?» አሉት ቀና ብለው።
«እኩለ ሌሊት አልፎ፣ አሥር ደቂቃ ግድም።»
ዝም።
የካሎጀሮ መንጋጋ ቆመ፤ አያላምጥም።

«እንግዲያው ልጄ፣ በዚያች ሌሊት አሥራ አራት ሞላህ፤
እንኳን ተወለድህ።»

ቲንዳሮ ፈገግ አለ። መዝገብ ይህን አይዝም፦
ዘንድሮ ልደቱን ከእሳቸው በቀር ያስታወሰ የለም።