ቆጣሪ አንባቢው

ሥራዬን ስጠየቅ “አንባቢ ነኝ” እላለሁ፤
እውነቴን ነው፤ ለዚሁ በየወሩ ደመወዝ እበላለሁ።
ደብረ ሲና ነኝ፤ ከገደሉ ወገብ፣ ከጉሙ ሥር፣
ስዞር የምውል፣ በየግቢው፣ የመብራት ቁጥር ስመረምር።
ከመዝገቡ ሥር ግን፣ በካኪ ተለብጦ፣
አንድ ልብወለድ አለ፣ ብብቴ ውስጥ ተሸጉጦ።

ከዚህ ቤት እስከዚያ ቤት ስንት ሜትር እንደሆን አላውቅም፤
በገጽ ግን ሁለት ነው፤ ዳገቱ ሲጨመር ከሦስት አያንስም።
ድንጋይ መትቶኛል፤ ቦይ ውስጥም ወድቄአለሁ፤
አንድ ቀን ከበሬ ተጋጭቼ “ይቅርታ እመቤት” ብያለሁ።

ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ። ሽሮ ቅባት አለው፣ ገጽ ያበላሻል፤
ቆሎ ግን ያውቅበታል፤ ለአንድ እጅ ይመቻል።
መቶ ገጽ ሲቀረኝ እሮጣለሁ፤ ሃያ ሲቀረኝ ግን፣
እንደ ወር መጨረሻ ብር እቆጥባለሁ እያንዳንዷን።

ጋሽ ጥላዬ ኪዮስክ፣ ከሳሙናው ጎን፣ በቀን ሁለት ብር የሚከራይ፣
የስንቱ አውራ ጣት ያረፈበት፣ የስንቱ ዓይን የዋለበት ላይ፣
በሰማያዊ ቢክ አንዱ ጽፏል፦
“ይህን ሻምበል አትመኑት! ጉዱ ወደፊት ነው፣ ቆይ።”
ሌላው ከሥሩ፣ በእርሳስ፦ “ዝም በል፣ ምን አገባህ፤
እኛ ገና ሃምሳ ላይ ነን፣ ምነው ባልፈጠነ ምላስህ።”
ከእነዚህ ሰዎች ጋር ኖርኩ፣ ስማቸውን ሳላውቅ፣
ሳንጨባበጥ፣ አንድ ላይ ስንስቅ፣ አንድ ላይ ስንሳቀቅ።

አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ያልነገርኩት፦
ሌሊት የሚያነብን ሰው ቤት በቁጥሩ ነው የለየሁት።
ምድጃ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፣ አንዲት አምፖል ተንጠልጥላ፣
ቆጣሪው ግን ይሽከረከራል፣ ወፍጮ እንደተከለ ሁላ።
የእታገኘሁ ቤት እንዲያ ነው፣ የቆሎዋ ነጋዴ፤
“አንዲት አምፖል ብቻ?” ስላት፣ “ያቺው ናት” አለች፣ “ዘመዴ።”

እና በነሐሴ፣ ጉሙ ከጣርማበር ወርዶ፣
ከተማውን ሲሸፍነው፣ መብራቱም እንደወትሮው ሄዶ፣
በሻማ ጭላንጭል ሳነብ፣ ትርንጎ ከወንዙ ማዶ፣
ሻምበሉ ከወዲህ ቆሞ፣ ልትሻገር እግሯ ተነሥቶ፣
ገለጥኩ፤ የለም።
ክርና ሙጫ ብቻ። አሥራ ስድስት ገጽ ተቀዶ።

ሲነጋ ጋሽ ጥላዬ ዘንድ። “እኔ ምን ላርግህ” አለኝ፤
“እታገኘሁ ናት፣ አሮጌ ወረቀት በኪሎ የምትገዛኝ።”

ወረድኩ ወደ መናኸሪያ። ተሰልፈዋል አውቶቡሶች፣
ረዳቶች ይጮኻሉ፣ በመስኮት ይወርዳሉ እጆች፣
እሷም ትጠቀልላለች፦ ሽምብራ፣ ገብስ፣ ሱፍ፣ ስንዴ፣
በትርንጎ ልብ፣ በሻምበሉ ዛቻ፣ ገጽ በገጽ፣ ወይ ጉዴ!
ክረምቴ ወደ ደሴ ሲጓዝ አየሁት፣ በአሥር ብር፣
ጨው ነክቶት፣ ተጨማዶ፣ በተሳፋሪ ወንበር ሥር።

“አንቺ ሴት!” አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሻምበሉ ወፈረ።
ቀና ብላ አየችኝ፤ እጇ ስፍሩ ላይ ቀረ።
“ከአንዲት በቀር ሳላነበው የሸጥኩት የለም፤ ምን አደረግሁህ?
ሌሊት አነባለሁ፣ ቀን እጠቀልላለሁ። ቆጣሪዬን አይተኸዋል እኮ፣ ያውም አንተው ራስህ።”

ተቀመጥኩ በርጩማዋ ጫፍ። ነገረችኝ ቀስ ብላ፣
“አሥር ብር!” እያለች በመሃል፣ ብርጭቆውን ሞልታ አጉድላ፦
ትርንጎ እንደተሻገረች፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ፣
ሻምበሉ እንዳለቀሰ (ያ በቢክ የተሰደበው!)፣ እንዳልደፈረ ደጃፏን ማንኳኳቷ
ቀርቶ ማየቷ፤
ደብዳቤው እንደተገኘ፣ በጥጥ ከረጢት ተሰፍቶ፣
ማን እንደጻፈው ግን... ዝም አለች፤ ጡሩምባው አጓርቶ።
“ያቺን የመጨረሻዋን እኔም አላየኋት።
የወልዲያው ረዳት ‘ቶሎ በይ!’ ሲለኝ፣ ሽምብራ ሞልቼ ሰጠኋት።”

ይኸው አሥር ወር ሞላን። የወልዲያው መኪና ሲቆም፣
እሷ ቆሎዋን ይዛ፣ እኔ መዝገቤን ይዤ፣ እንሮጣለን ሁለታችንም፤
“ወንድም፣ ምናልባት ከወንበሩ ሥር...” ረዳቱ ይስቅብናል፤
ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ያያል። አንዳንዱም ያገኛል፦
ትኬት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሌላ መጽሐፍ ገጽ አርባ።
እሱንም እንወስዳለን። ይነበባል። ክረምቱ ሊገባ።