የተረከዝ አዟዟር

"ልጄ ፈታችህ እንጂ፣ እኔ መች ፈታሁህ?
ና ተቀመጥ፣ ሃኑስ፤ ካልሲ ላስተምርህ።"

ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት ሱኔቫ ነች የሠራች፣
ከባሕር ቦቴ ውስጥ እግሬን ያሞቀች፤
ዛሬ ግን ጣቶቿ፣ እንደ መርከብ ገመድ፣
ጨው የበላው ቋጠሮ፣ የማይፈታ በግድ።

እኔ የሞተር ሰው ነኝ፤ ዘይት ነው መዳፌ፤
ቧንቧና ቡሎን እንጂ፣ የት አውቄ መርፌ።
አምስት ሰጠችኝ፣ ከሁለት ወገን ጫፍ ያላቸው፣
አንዱን ስይዝ አራቱ የሚያመልጡ ናቸው።
የበጓ ሽታ ገና ከክሩ አልወጣም፤
"አትጠበው" አለችኝ፣ "ቅባቱ ውኃ አያስገባም።"

ባቱ ቀላል ነበር፤ ዙሪያውን መሄድ ነው፤
ስድሳ አራት ዐይን፣ መንገዱ ክብ ነው።
የክላክስቪክ ወደብ በጭጋግ ተሸፍኖ
ሳምንት ሙሉ ዞርኩ፣ ልቤ ተዝናንቶ፣ አምኖ።

ከዚያ ተረከዝ መጣ።

"እስካሁን የሠራኸው ቱቦ ነው" አለችኝ፣
"ቱቦ ደግሞ ታውቃለህ።" በመነጽሯ ላይ አየችኝ።
"ተረከዝ ማእዘን ነው፤ ክር ማእዘን አያውቅም፤
ታታልለዋለህ እንጂ በጉልበት አይሆንም።"

ግማሹን ዐይን አስተኛች፣ ሠላሳ ሁለቱን።
"እነዚህ ይተኙ፤ አንተ ሥራ የነቁትን።
አንዱን ሳትሠራ ከመርፌ ወደ መርፌ አሳልፍ፣
ቀጥሎ ያለውን ሥራ፤ ደግሞ አንዱን እለፍ።
እንዲህ ነው የሚወፍር። ተረከዝ ቀድሞ ያልቃል፤
ሁሉም በሚቆምበት በኩል ነው የሚሳሳ።"

የመረብ ናይሎን ልቀላቅልበት ወይ? አልኳት።
"አሁን ገና አሰብክ" አለች።

እህቷ፣ የቤርገኗ፣ ሌላ መንገድ አላት፤
ያለ ክዳን፣ በአጫጭር መስመር ታዞረዋለች።
"ለሳሎን እግር ቆንጆ ነው" አለች ሱኔቫ፣
ስለ እህቷም ሌላ ምንም አልተናገረች።

"አሁን መሐሉን አልፈህ ሂድ። ሁለቱን አንድ አድርግ።
አንድ ጨምር። ከዚያ ዙር።"
"ገና መስመሩ አላለቀም።"
"ዙር።"
"እነዚህስ፣ የቀሩት?"
"ይጠብቁሃል። ዙር።"

ሥራ ከመሐል ትቼ ዞሬ አላውቅም አልኳት።
ኤልስባ ብትሰማኝ ኖሮ በሳቀች።

ሦስት ጊዜ ተረተረችው።
አራተኛውን እኔ ራሴ ተረተርኩት።
ውሉ ጠፍቶብኝ ልቃቂቱን ስጎትት
እጄን ያዘችኝ፦ "ክር ሲተበተብ አይጎተትም።
ጎትተህ ጎትተህ አይደል እንዴ ያቺን ልጅ..."
አልጨረሰችውም።
"ሻይህ ቀዘቀዘ" አለች።

የካቲት ላይ ወጣን፣ አንድ ካልሲ ተጫምቼ አንዱን በኪሴ።
ባሬንትስ ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ተራዬ አልቆ፣
ሞተሩ ከአልጋዬ ሥር ሲያንጎራጉር
ሁለተኛው ተረከዝ ላይ ደረስኩ፤ ጠፋብኝ።
ወደ ሱኔቫ ደወልኩ።
ኤልስባ አነሳችው።

"እማዬ ተኝታለች።"
ሳተላይቱ ድምፅ ያዘገያል፤
እኔ ስናገር እሷ ትናገራለች፣
ዝም ስል ዝም ትላለች።
እንደ ድሮው።
"ምን ፈለግህ?"
"ተረከዙን። ከዞርኩ በኋላ፣
የትኞቹን ሁለት ነው አንድ የማደርግ?"

ሞተሩን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ፦
"ክፍተት ይታይሃል?"
"ይታየኛል።"
"ከክፍተቱ ወዲህ ያለውን አንድ፣
ከክፍተቱ ወዲያ ያለውን አንድ፣
በአንድ ላይ ያዛቸው። ከዚያ ዙር።"

መቼ ተማርሽ? አልኳት።
ድምፄ ሳይደርስ ዘጋችው፣
ወይም ደርሶ።

ዞርኩ። ዐይኖቹ አንድ በአንድ ተበሉ፣
ጽዋ የመሰለ ነገር በመዳፌ ውስጥ ተቀመጠ፣
ከጠፍጣፋ ክር የወጣ፣ ለአንድ ሰው ተረከዝ የሚበቃ።
ከጎኑ ዐይን ሳነሳ አንዱን ሳልጠመዝዝ አልፌዋለሁ፤
ጥጉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣
የሱኔቫ ጣት ካልሆነ ማንም የማያገኛት።

ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ
ግራ እግሬ እዚያች ላይ ይበርደዋል።