መቶ ስልሳ ሦስት

ወደቡ ተዘጋ፣ ክሬኑ ደከመ፤
ወንበሬ ከላይ ሆኖ ከንፋስ ጋር ከረመ።
ሃያ ሁለት ዓመት ኮንቴይነር ስሰቅል፣
የሰው ዕቃ ሳወርድ፣ የሰው ዕቃ ስቆልል፣
ሆዴ ለካ ቀስ በቀስ ከቀበቶ ሲዘል
አላየሁትም።

ሐኪሟ ውጤቴን ሁለት ጊዜ አነበበች፤
«ስኳርህ ወጥቷል፤ አንተም ውጣ» አለች፣
ከመስኮቷ ማዶ ደረጃውን አሳየች።

መቶ ስልሳ ሦስት።
ከባሕሩ ጠርዝ እስከ ቤቴ ደጃፍ፣
ቀለሙ የላጠ፣ ጥጉ የሚሸራረፍ።
ቫልፓራይሶ እንዲህ ናት፤ ቤት ገደል ላይ ሰቅላ፣
ኪራይ ትወስዳለች ከሳንባችን ነጥላ።
ሽቅብ ይጎትተን የነበረው የብረት ሳጥን፣
ቆልፈውት ሄዱ፤ «ገንዘብ የለም» አሉን።

የመጀመሪያው ቀን አርባ ላይ ቆምኩ፤
ልቤን በጆሮዬ ሲደልቅ አዳመጥኩ።
ቲሶን የሚሉት፣ ጌታ የሌለው ውሻ፣
ሲያየኝ ሲያየኝ ቆይቶ ተኛ በመጨረሻ።

ክሎሪንዳ መጣች፣ የባሕር ሣር ሻጭ፣
ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ፤
«ኦስቫልዶ፣ ሃያ ቶን ያነሳህ ሰው፣ ዘጠና ኪሎህ ከበደህ?» አለችኝ፤
ከነጆንያዋ አልፋ ከኋላ ጣለችኝ።

ተናደድኩ። ልክ ናት።
ከልጅ ልጇ እጅ ጠመኔ ተበድሬ
ግድግዳው ላይ ጻፍኩ፣ ጀምሬ ከዛሬ፦
አርባ። አርባ ሦስት። አርባ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ ጉንፋን ነበረብኝ። ሃምሳ አንድ።

የእህቴ ልጅ ፋኩንዶ ስልክ ይዞ መጣ፣
«በወር ስድስት ኪሎ» የሚል ጎረምሳ አወጣ፤
ጥርሱ እንደ ሳሙና፣ ጡንቻው እንደ ዳቦ፣
«ማመን ነው» ይለናል በሙዚቃ ታጅቦ።
እኔ የማምነው የቀኝ ጉልበቴን ነበር፤
እሷም ከሠላሳ በኋላ ትከዳለች።

በሰኔ የዳቦ ዋጋ ወጣ፤
በሐምሌ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤
በነሐሴ ከየጥጉ ጭስ ወጣ፣ እንባችን ተከትሎት ወጣ።
እኔም ሎሚ በነካው ጨርቅ አፍንጫዬን አፍኜ
ወጣሁ።

ከዚያ ደብዳቤው። ከዚያ ሬዲዮው፦
«ወደቡ ይከፈታል» ይላል ሲነጋ፤
«ይሸጣል» ይላል ምሳ ሰዓት ሲጠጋ፤
ማታ ደግሞ ዝም። ዝምታው ነው የጎዳኝ።
ነገ ከማን ደጅ እንደምቆም ሳላውቅ
ጉልበቴን ለማን ነው የማደልበው? ብዬ
ተኛሁ። አሥራ አንድ ቀን። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣
የክሬኑን ቁልፍ በትራሴ ሥር ይዤ።

በአሥራ ሁለተኛው ቲሶን በሬን ቧጠጠ።
ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤
ሃምሳኛው ላይ ስንደርስ አጥንት ለምዶብኝ ነው።

ወጣሁ፤ ያካፋ ነበር። አርባኛው ዛሬም አርባኛ ነው።
ደረጃ ሬዲዮ አይሰማም።
ምርጫ ቢመጣበት ቦታ አይለዋወጥም፤
ገንዘብ ሲረክስም ቁመቱ አይቀንስም፤
የሚያውቀው እግር ነው፤ የማን ነህ አይልም።

በጥቅምት አንድ ቀን፣ ሰማንያ ስምንት ላይ፣
ክሎሪንዳን አገኘኋት ቁጭ ብላ ስታይ፤
ባሕሩን አልነበረም። እጆቿን።
ምላጩ ከአፎቱ አልወጣም። ጆንያዋን አንስቼ
ክንዴን ሰጠኋት። ስለ ዓሣ ዋጋ፣
ስለ ሟቹ ባሏ፣ ስለ ጉልበት ቅባት
ስታወራኝ ስሰማት ቁጥሩ ጠፋብኝ።
ቀና ስል የቤቴ በር ነው።
«ይኼ አይቆጠርም» አለች ሳታመሰግነኝ፤
«አሥር ጊዜ ቆመናል።»

ስኳሬ ትንሽ ወርዷል። ወደቡ እንደተዘጋ ነው።
ትናንት ሌሊት ዶፍ ጥሎ ግድግዳውን አጠበው፤
ጠመኔዬ ሁሉ፣ አርባው፣ ሃምሳ አንዱ፣ ጉንፋኑ፣
ወርዶ ባሕር ገባ።

ቆሜ አየሁት። የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅኩ።
አንድ።
ቲሶን ቀድሞኝ ሁለት ላይ ቆሟል።