ምን ጠፋባችሁ?

ሣምንቱን በሙሉ የሰው ብር ቆጥሬ፣
በባንኩ መስኮት ሥር ፈገግ ብዬ ኖሬ፣
እሑድ ሲነጋ ግን ተራራ ያምረኛል፤
ሐኪሙ «ጉልበትህን!» እያለ ይመክረኛል።

ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ ጅማ ላይ ተቀምጧል፤
የሂርማታ ሸራ ውሃ አቁሮ አብጧል።
ረውዳ አዋላጇ ሌሊቱን ቆማ አድራ፣
ሦስት ሕፃን ተቀብላ፣ መጣች ለተራራ።
ናስር በያጁ ደግሞ ድንች በጨርቅ ጠቅልሎ፣
«ዛሬ አይዘንብም» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው ምሎ።

ዘነበ።

ከሼኪ በኋላ መንገድ ማለት ቦይ ነው፤
አንድ እግር ስታነሣ ሌላው የጭቃ ነው።
መጀመሪያ እንሰቱ ጥላችን ነበረ፣
ከዚያ ቀርከሃ ሆነ፣ ከዚያ ዛፉ አጠረ፣
ከዚያ አስታ ብቻ፤ ጢሙን ያንዠረገገ፣
ደጅ እንደሚጠና ሰው ጉም ያደገደገ።
ዳገቱ ሲብስብኝ ረውዳ ቀረበችኝ፣
«ቆይ አትግፋ፣ ተንፍስ» እንደ ወላድ አለችኝ።
ናስር ከት ብሎ ሳቀ፤
በሳቁ ተንሸራቶ ወደቀ።

ሁለት ጉብታ መሃል፣ ነፋስ የሚያልፍበት፣
«በር» ይባላል ቦታው፤ መዝጊያ የሌለበት፣
ዘበኛ ቆሞ ኪስህን የማይፈትሽበት።
እዚያ ነው መዲናን ያገኘናት።
በቅሎዋን ገብስ ጭና ወደ ወፍጮ ትወርዳለች፤
ጃንጥላዋን የዘረጋችው ለገብሱ ነው፣
እሷ ትዘንባለች።
ቆመች። አየችን።
ጭቃችንን፣ ምርኩዛችንን፣ የረውዳን ቀይ የዝናብ ልብስ።
«ማልቱ ኢሲን ጀላ በዴ?»
ምን ጠፋባችሁ?

ከብት ነው?
አይ።
ለቅሶ ነው?
አይደለም።
መሬት ልትለኩ ነው?
ኧረ እኛ! እንዲሁ ነው።
ከላይ ሐይቅ አለ ሲሉ ሰምተን፣ እንዲሁ።

«እንዲሁ» አለች።
ቃሉን አገላበጠችው፣
እኔ የተጠራጠርኩትን መቶ ብር
ወደ መብራት አንሥቼ እንደማየው።

የግራ ጫማዬ አፉን የከፈተው ይኼኔ ነው።
ሶሉ ተገንጥሎ፣ ምላሱን አውጥቶ
በሰው ፊት አዋረደኝ።
«ይኸው» አልኳት፤ «ሶሌ ጠፋ።»

ሳቀች። ከጭነቱ ሥር ቃጫ መዘዘች፤
ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ እግሬን እንደ ሰነፍ በቅሎ እግር
ጎትታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤
ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ።
ብር ሳወጣ እጄን በእጇ ገፋችው።
«ስትመለስ ያገኘኸውን ትነግረኛለህ» ብላ
ከበቅሎዋ ኋላ ጉም ውስጥ ገባች።

ጫፉን አልደረስንም።
ጫፍ የተባለው ቦታ ላይ ሰማዩ ተኝቶበት ነበር።
ሐይቁ ግን ነበረ፣ ሐይቅ ካላችሁት፤
ከአንድ ቀበሌ አዳራሽ ትንሽ ሰፋ ይላል፣
ክረምት የሚወልደው፣ ጥቅምት የሚቀብረው፤
ካርታ ሠሪ እርሳሱን እስኪቀርጽ አይቆይም።
ውሃው ጥቁር ነው። ዝናቡ ክብ ይሥልበታል፤
የእጅ አመል ሆኖብኝ መቁጠር ጀመርኩ፣
አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ ሰባት፣ አርባ፣
ክቡ በክብ ላይ ገባ፣ ሒሳቡ ተምታታ።
የመጀመሪያ ጉድለቴ ነው፤
ከደመወዜ ማንም አልቆረጠው።

ናስር ድንቹን አደለን።
ከሸሚዙ ውስጥ፣ ሆዱ ላይ አሥሮት ነው የወጣው፤
ገና ለብ ይላል።
ረውዳ ግማሹን በእጇ እንደያዘች
ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ወሰዳት፤
ካፊያው ቅንድቧ ላይ ይጠራቀማል።
ዝም አልን፤
ዛሬ እንኳ ማንም አይቀስቅሳት።

ስንመለስ መዲና በሩ ላይ የለችም፤
ወፍጮ ቤት ወረፋ አለ፣ ሰው አይጠብቅም።
ደግነቱ። ቁልቁለቱን ሙሉ
የምነግራትን ስፈልግ ወርጄ
ሼኪ ደረስኩ ባዶ እጄን።

ሰኞ ማታ ጫማ ሰፊው
ጫማዬን ገልብጦ አየው፣ ወስፌውን አነሣ፣
«ይኼን ቃጫ ልበጥሰው?»
ሶሉን ስፋው አልኩት፤ ቃጫው ግን ይቆይ።
ቀና ብሎ አየኝ፤
«ለምን?»

«እንዲሁ።»