የሌሊት ተረኛ መዝገብ

«መድኃኒት እምቢ አለ» ብዬ ጻፍኩ በሌሊት፤
ነገ በዓሣ ሾርባ ላጠጣው ነበር፣ አድቅቄ እንደ ዱቄት።
ሲስተር ጥሩአየሁ ገጹን አነበበች፣
እስክሪብቶ አውጥታ «ለምን?» ብላ ጨመረች።

አልጠየቅኩም ነበር።

ሄጄ በርከክ አልኩኝ ከአልጋው ከፊቱ፤
ገብያው እጁን ዘረጋ፣ ይርገፈገፍ ነበር ጣቱ።
«ደንገል አልቋጠር አለኝ፣ ይህን ስውጠው ጊዜ፤
ድምፁስ ዝም አለልኝ፣ እንዴት ልኑር እጄን ይዤ?»

በመስኮቱ፣ ከባሕር ዳር መብራት ማዶ፣ ጣና ጠቁሮ ተኝቷል፤
እሱም እንደኔ የሰማ፣ መልስ ግን ያጣ ይመስላል።

መዝገብ አይፋቅም። ቃሌን ባንድ መስመር ሰርዤ ፈረምኩ፤
ለጠዋቱ ሐኪም ከሥሩ እንዲህ አከልኩ፦
«እጁ ይንቀጠቀጣል። መጠኑ ይታይለት።
ታንኳ ሠሪ ነው።»