እንከኑን ልንገርሽ

ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው፤ ከዚራ በዚህ ሰዓት በር አይዘጋም፤
ጫማሽን አታውልቂ፤ ሲሚንቶው እንደ ጌታው ነው፣ ከዚህ በላይ አይጎዳም።
ወንድምሽ ባጃጁን ከኒሟ ሥር ያቁመው፣
ሞተሩንም ያጥፋ፣ ነገሩ ረዘም ያለ ነው።
ሂንዲያ ነው ያልሽኝ? ሂንዲያ፣ ሳትነኪው እንከኑን ልንገርሽ፣
ኋላ ሽማግሌው ሸወደኝ እንዳትዪ፤ ምስክር ይሁን ወንድምሽ።

ትውልዱ ጃፓን ነው፤ የገባው ከጅቡቲ በባቡር፣
በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር።
ቀይ ነበር። አሁን የምታዪው ቡናማ
ላብና ፀሐይ ነው፤ የአርባ ዓመት ሠርግ፣ የዚች ግለት የማይለቃት ከተማ።

ድልድዩ የራሱ አይደለም፤ የራሱን ዝገት በላው።
ይሄን የቶርኖው አቡበከር ነው የሠራው፤
ሸማንደፈር ጋራዥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከአለቃ ዓይን ተደብቆ፣
ከወደቀ ፉርጎ የነሐስ ኩሽኔት ፈልቅቆ፣
ሞርዶ፣ ሰርስሮ፣ በአራት ብሎን አጥብቆ፣
«ባቡሩ ቢቆም እንኳ ይሄ ይሄዳል» አለኝ ስቆ።
ባቡሩም ቆመ።
አቡበከር ያን ቀልድ ሳይደግመው ስንት ዓመት ከረመ።

ማግኔቱ የፋብሪካ ነው፤ ሽቦው ግን ተቃጥሎ ነበር፤
መልሼ የጠቀለልኩት ከተሰበረ የቬንትሌተር ሞተር፣
ሰባት ሺ ዙር፣ በእጄ፣ እየቆጠርኩ፤ ሦስት ሺ ላይ ሚስቴ ጠርታኝ፣
ቁጥሩ ጠፍቶኝ ከአንድ ጀመርኩ፤ ምሳው ቀዘቀዘ፣ ሳምንት ዋለች አኩርፋኝ።
ከአንገቱ ጫፍ ያለች ነጭ አጥንት የግመል ቅልጥም ናት፤
ከመጋላ ሥጋ ቤት ለምኜ፣ በሞረድ ያሳሳኋት።

ይሄን መስመር አየሽው? የጭቃ ቀለም ያለው፣ ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፤
የውኃ ልክ ነው። ደቻቱ ሌሊት ሲገባብን ግድግዳው ላይ ነበር፣ ተሰቅሎ።
ስለ መስመሩ ዋጋ አልጨምርም።
አልቀንስምም።

ዋናው እንከን ግን ይሄ ነው፤ ስሚ፣ ልሰካው፤
ይጮኻል። እምምም ይላል፣ ማንም ሳይነካው።
ስንቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ፈታው፣ ስንቱ አሰረው፤
ጣትሽን ክሩ ላይ ጣል ስታደርጊ ብቻ ነው ዝም የሚለው።
ሌላው ብልሽት ይለዋል፤ እኔ ጠባይ ነው ብዬ ተውኩት።

«ለምን ይሸጡታል?» አለ ወንድምሽ።
የኪቦርዱ ልጅ በግራ እጁ የኔን ሥራ ይሠራዋል፤
ባለ ሆቴሉም ሁለት ሰው በአንድ ደሞዝ ያገኛል።
ትንሿ ጣቴ ደግሞ ከጥር ወዲህ መታጠፍ ትታለች፤
እኔን ሳታማክር ጡረታ ወጥታለች።

አስራ ስምንት ሺ ብዬ ነበር። እሱ አስር አለ። አስራ ስድስት አልኩ።
አስር ላይ ቆመ፤ እኔም «ተወው አቦ!» ብዬ ማኅደሩን ፈለግኩ።
ያኔ ነው አንስተሽ አንዷን የመታሻት፣ ወፍራሟን፣ ባዶዋን፤
ሌላ ምንም አልነካሽ፤ ጠበቅሽ፣ እስክትሞት ድምፅዋን።
ስንት ጎረምሳ ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቱን አስሩጦ አሳየኝ፤
የአንዷን ድምፅ መጨረሻ የሚሰማ ግን አልገጠመኝ።
«አስር ይሁን» አልኩ።
ወንድምሽ ያሸነፈ መሰለው።

አንገቱ ከባጃጁ ወጥቶ፣ እንደ ተሸጠ ግመል ወደኋላ እያየ፣
ወደ አሸዋ ሲታጠፍ ከዓይኔ ተለየ።
ብሩን ቆጠርኩት። ልክ ነው። እንደገና ቆጠርኩት።

ማታ መብራት ሄዶ መጣ፤ ፍሪጁ ሲነሳ ሰማሁት፤
ከሶል ትንሽ ከፍ ያለ፣ ያው ድምፅ፤ ስንት ዓመት በአንድ ቤት ሳይ ያልለየሁት።
በጨለማ ተነስቼ፣ በባዶ እግሬ ሄጄ፣ እጄን አሳረፍኩበት፤
ጠበቅኩት።
ዝም አላለም።